ለለቅሶ ሄደን፣ ወተት አጠጥተን መጣን

ስልኩ የተደወለው በፍልሰታ ጾም ሁለተኛው ቀን፣ ከቅዳሴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላጥፍ ነው። ደዋዩ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ነበር፤ ሰመራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «አስኩ፣ አባባን ትንሽ አመም አድርጎት ነበር፤ አሁን ደህና ነው» አለኝ። «ከቻልሽ ብትመጪ ጥሩ ነው» ብሎ ጨመረ። «ብቻሽን ግን እንዳትመጪ፣ ሰው ይዘሽ ነይ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

በእኛ ዘንድ ይህን ሰምቶ አባቴ በሕይወት አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ አሳዳጊ የበደለው ነው። «ትንሽ አመመው» ማለት ሞተ ማለት ነው። «አሁን ደህና ነው» ማለት ተቀበረ ማለት ነው። «ሰው ይዘሽ ነይ» ማለት ደግሞ ስትወድቂ የሚያነሳሽ አይጥፋ ማለት ነው። «ሞቷል ወይ?» ብሎ በስልክ መጠየቅ ነውር ስለሆነ አልጠየቅሁም። እንደ ደንቡ ጮህሁ፤ ጎረቤቱም እንደ ደንቡ መጣ። ሳይመሽ የዕድሩ ድንኳን ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ባለቤቴ፣ በመንገድ ላይ መርዶ ደርሷት ጉድ እንዳትሆን ብሎ ስልኬን ነጠቀኝ። በኋላ እንደሰማሁት ወንድሜ መልሶ ደውሎ ነበር። ባለቤቴ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲለው፣ ወንድሜ «አሜን፣ እናንተንም ያጽናችሁ» ብሎ መልሶ ስልኩን ዘጋ። ሁለቱም ዲግሪ አላቸው።

ይዤ የምሄደው ሰው ጥሩነሽ ሆነች። ጥሩነሽ የዕድራችን አልቃሽ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም፣ የሽንኩርት ጆንያ ብቻዋን ከጋሪ ታወርዳለች። ባለቤቴ ለቀስተኛ ለመቀበል ቀረ።

የመጀመሪያው ቀን። ከደብረ ማርቆስ የወጣነው በዝናብ ነው። ነሐሴ ስለሆነ ካሉኝ ጥቁሮች ሁሉ ወፍራሙን የሱፍ ሹራብ ለብሻለሁ። በዚያ ሹራብ ወዴት እንደምሄድ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አዋሽ ተወልጄ ያደግሁት እኔ እንጂ ጥሩነሽ አይደለችም። ግን ሰው ደጋ ሃያ ዓመት ሲኖር ሙቀትን እንደ ተረት ይረሳዋል።

ሾፌሩ ጥቁራችንን አይቶ ዘፈኑን ዘጋ። ተሳፋሪው እያዘነልን ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ተጓዘ፤ በሁለተኛው ሰዓት ግን ሀዘኑ በእኛ ላይ ወደ ቅሬታ ዞሮ በጎሪጥ ያየን ጀመር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጥሩነሽ ሙሾ አወጣች። አባቴን አይታው አታውቅም፤ ይሁን እንጂ ቁመተ ሎጋ፣ ነብር ገዳይ፣ ፈረሱ የታወቀ አደረገችው። አባቴ አጭር ነው፣ ውሻ ይፈራል፣ ዕድሜውን ሙሉ አዋሽ ላይ የባቡር ሀዲድ ሲጠግን ኖሯል። ላርማት አሰብሁና ተውሁት፤ ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጥቁሩን እንዳየች ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታ እግራችንን ካላጠብሁ አለች። እምቢ ብንል የማትሰማ ሆነችብን። ያለ ምንም ሀዘን ያን ያህል ክብር የተቀበልሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ በኋላ ሲገባኝ አፈርሁ።

ሁለተኛው ቀን። አዳማ ላይ ሹራቡ ያሳክከኝ ጀመር፤ መተሐራ ላይ እንደ ምጣድ ጋለ። እዚህ ማርቆስ «ዛሬ ሞቀ» የምንለው ሙቀት አዋሽ ላይ ቢመጣ ሰው ጋቢ ይደርባል። ጥሩነሽ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ይሄ ነፋስ ከማን ቤት ምድጃ ነው የሚወጣው?» ትል ነበር።

አዋሽ ስንደርስ የአባባ ቤት ተቆልፏል። ከፊት ለፊቱ ያሉት ወይዘሮ ብርቄ፣ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለአባባ ቁርሱን የሚያደርሱለት ናቸው። ወጡ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጥቁሩን አዩ። «ወይኔ ተሰማ!» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ሞቱን እሳቸው የነገሩኝ መሰለኝና አብሬ ጮህሁ። ለካ እሳቸው የሚያውቁት ሙሉጌታ ከአሥር ቀን በፊት መጥቶ ለሕክምና ወደ ሰመራ እንደወሰደው ብቻ ነው። ሞቱን የሰሙት ከሹራቤ ነው።

እንዲህ ሆነና መርዶ ልንሰማ ሄደን እኛው መርዶ ነጋሪ ሆንን። የባቡር ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ። አንድ ሰው ምንጣፍ አነጠፈ፣ አንዱ ውሃ አመጣ፣ የሰፈሩ ሼክ ቤት ሴቶች ጾም መሆኑን አውቀው ምስር ወጥ ሠርተው ላኩ። ደውለን እንጠይቅ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ተደውሎ ይጠየቃል እንዴ? ወይዘሮ ብርቄ አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እሳቸው ወለል ላይ ተኙ። በሰባ ስድስት ዓመታቸው።

ሦስተኛው ቀን። በማለዳ ወደ ሰመራ በሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ የጅቡቲ መኪና ነው፤ ከፊትም ተሳቢ፣ ከኋላም ተሳቢ። ገዋኔ ላይ ለምሳ ቆምን። ምግብ ቤቱ ምን ምን አለው ብለን ብንጠይቅ አሳላፊው የፍየል ጥብስ፣ የፍየል ቅቅልና የፍየል ዱለት ብሎ ቆጠረልን። ጾም ነን አልነው። አሰበና «ቅቅሉን ያለ ሥጋ ላምጣ?» አለን። ደረቅ ዳቦ በሻይ በላን።

መኪናው ሊነሳ ሲል አንድ አፋር ሽማግሌ ወደ አዳይቱ ለመሄድ ተሳፈሩ። ሾፌራችንም አፋር ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ዳጉ ጀመሩ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዳጉ ማለት አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ የሚነጋገርበት ሥርዓት ነው፦ የት ዘነበ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋ። አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም፤ ያበላሸ ሰው ስሙ ይበላሻል። እኛ ማርቆስ አንድ ሞት ለመንገር ሦስት ቀን፣ አራት ሽማግሌና አንድ የንስሐ አባት ያስፈልገናል።

ተራው የእኛ ሲደርስ ጥሩነሽ የባቡሩን ተሰማን ልንቀብር፣ ከተቀበረም ልናለቅስ እንደምንሄድ ተናገረች። ሾፌሩ ተረጎመ። ሽማግሌው ቅንድባቸውን ሰብሰብ አድርገው አንዴ አስደገሙት፤ ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ፦

«የወንድሜ ልጅ ግመሎች ሰመራ ዳር ናቸው ይላል። ለባቡሩ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ወተት የምትወስደው እሷ ናት። ትናንትም ጠጥቷል። እኔ ሳልሰማ አይሞትም ይላል።»

የመኪናው ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ሰማሁ፤ አባቴ አለ፣ የግመል ወተት ይጠጣል። በየትኛው ልደንግጥ?

አባባን ማወቅ አለባችሁ። ጻድቅ አልነበረም። ዓርብ ቀን ሥጋ ሲበላ እናቴ ሁለት ጊዜ ይዛዋለች። ጠላ አይንቅም፣ ሲናደድ አፉ አያምርም። ግመል ግን አይነካም፤ የክርስትናው አጥር እሷ ነበረች። በረሃ ላይ ሀዲድ ሲጠግን አፋሮቹ ወተት ሲዘረጉለት ማተቡን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ያሳያቸዋል፤ እነሱም ስቀው ውሃ ይሰጡታል። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረ። «ሌላውን ሁሉ ተሸንፌያለሁ፤ ይቺን ብቻ ይዤለት እሄዳለሁ» ይለን ነበር፣ ወደ ላይ እያሳየ።

«እኔስ?» አለች ጥሩነሽ። «ሦስት ቀን ያለቀስሁት ለማን ነው?»

ሰመራ ስንገባ ፀሐዩ ዘቅዝቆ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ያንን አልሰማም። ወንድሜ የተከራየው እትዬ ፋጡማ የሚባሉ የወሎ ሴት ግቢ ውስጥ ነው። አባባ ከዳሱ ሥር አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ከአልጋው ላይ ያለው እሱ ነው ከማለት ልብሱ ነው ማለት ይቀላል። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ጥቁርና ነጭ ግን ይለያል።

«ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

ጥሩነሽ ናት የደረሰችልኝ፤ «የሩቅ ዘመድ ናቸው» አለች።

«ነፍስ ይማር። ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሰማንያ ሁለት» አልሁት፤ የራሱን ዕድሜ።

«ይበቃዋል» አለና ዓይኑን ከደነ።

ሙሉጌታን ጓዳ አስገብቼ ያደረግሁትን አልጽፍም፤ ጾም ነው። ሰው ይዘሽ ነይ ያልከኝ ምን ቆርጦህ ነው ስለው፣ አባባን ብቻውን ማገላበጥ አቅቶት ጉልበት ያለው ሰው ፈልጎ እንደሆነ ነገረኝ። ጥሩነሽን ከላይ እስከ ታች አየና «ጥሩ ሰው ነው ያመጣሽው» አለ።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን። ሐኪሞቹ የሚሆነውን ሁሉ አድርገው ወደ ቤት መልሰውታል። የቀረው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ማጠብና የሚወርድለትን ማጉረስ ነው። የሚወርድለት ነገር ግን የለም። ሾርባ ያስመልሰዋል፣ የዱቄት ወተት ያስቀምጠዋል። እትዬ ፋጡማ ናቸው አንድ ቀን ከደጅ የገዙትን የግመል ወተት በማንኪያ የሞከሩት፤ ረጋ አለለት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜና እሳቸው ተማክረው የላም ነው እያሉ ያጠጡት ነበር።

እትዬ ፋጡማ እኔና ጥሩነሽ መጾማችንን ሲሰሙ ገበያ ሄደው አዲስ ድስት ገዙልን፤ የእሳቸውን ሥጋ ስለነካው። «ወላሂ፣ ማንኪያውም አዲስ ነው፤ እንዳትጠራጠሪ ብዬ ነው» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ ለጾሜ የተጨነቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ውለታቸውን የከፈልሁት ወተታቸውን በመከልከል ነው።

አዎ፣ ከለከልሁ። እኔ እያለሁ አባቴ በመጨረሻው ሰዓት ግመል ጠጥቶ አይሞትም አልሁ። ጾሙንስ ታማሚ ነው፣ ካህንም ይፈታዋል፤ ግመልን ግን ማን ይፈታል? ከጎረቤት ከተማ ከሎግያ የላም ወተት አስመጣሁ፣ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝሁ፣ በስመ ሥላሴ ብዬ ሰጠሁት። አስመለሰው። ጠዋት ደገምሁ፤ አሁንም አስመለሰው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ስጠራው ቶሎ አይመልስም። ጥሩነሽ ስታነሳው «ከትናንት ቀሏል» አለችኝ። ጆንያ የምታወርድ ሴት ክብደት አትስትም።

እትዬ ፋጡማ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። መቆጣት ነበረባቸው፤ አልተቆጡም። «ስሚኝ እህቴ» አሉኝ፤ «እስላም ላደርጋቸው አይደለም። በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርጉልናል? ሶላት አይቆሙ፣ ሐጅ አይሄዱ። ጠምቷቸው ነው።»

ስልክ ከወንድሜ ተውሼ ወደ ንስሐ አባቴ ልደውል አሰብሁ። እኔ ለትንሹም ለትልቁም የምደውል ሰው ነኝ፤ ሰሊጥ የተወቀጠበት ሙቀጫ ጉዳይ እንኳ በሰሙነ ሕማማት ደውዬ ጠይቄያለሁ። ያን ዕለት ግን ስልኩን ይዤ ተቀመጥሁ፣ ተቀመጥሁና መለስሁለት። ያልጠየቅኋቸውን አይከለክሉኝም።

ስድስተኛው ቀን። በማለዳ የአፋሩ ሽማግሌ የወንድም ልጅ ወተቱን ይዛ መጣች። በውሃ ፕላስቲክ ነው፣ ገና አረፋው አልጠፋም። ዋንጫውን እኔ ያዝሁ። ጥሩነሽ ከጀርባው ገብታ ቀና አደረገችው። ሙሉጌታ በሥራ ሰዓቱ ቢሮ መሄዱን ትቶ ግድግዳ ያያል። እትዬ ፋጡማ ከበሩ አልራቁም።

አባባ ዋንጫው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ አፉን አልከፈተም። አሸተተ።

«አስኩ፣ አንቺ አትዋሺም» አለ። «ይሄ የምን ወተት ነው?»

በሕይወቴ ሳልዋሽ ቀርቼ አይደለም። እሱ ግን እንዲህ ብሎ ስለሚያምን፣ ለእሱ ዋሽቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ስኳር የሰረቅሁ ጊዜ እንኳ ለእናቴ ክጄ ለእሱ አምኛለሁ። እውነቱን ብነግረው ማተቡን ያሳየኛል፣ አፉን ይዘጋል፣ ለፈጣሪው እንዳለው ይቺን ይዞለት ይሄዳል፤ ቢበዛ በሦስት ቀን። ንጹሕ ሆኖ፣ ተጠምቶ።

«የላም ነው አባባ» አልሁት።

እጄን ከነዋንጫው ያዘ። ከዚያ ጠጣ። ዋንጫውን ጨረሰው፣ በእጁ ጀርባ ከንፈሩን ጠረገ።

«ወንድምሽም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር፤ አላመንሁትም» አለኝ። ትንሽ ትንፋሹን ሰብስቦም «ጥሩ ላም ናት። እንዳትሸጧት» አለ።

አርባ ዓመት ከግመል ጋር ውሎ ያደረ ሰው የግመልን ወተት ከላም አይለይም ብዬ ላሳምናችሁ አልሞክርም። ይለያልም አልልም። አልጠየቅሁትም፤ እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን ጠጣ፣ ተኛ፣ ከጥሩነሽ ጋር ተጨቃጨቀ። ማርቆስ ልውሰድህ ስለው «ለመሞት ያን ሁሉ ዳገት አልወጣም፤ ብርዱ ቀድሞ ይጨርሰኛል» አለኝ። ባቡር ቢሆን ይሻለው እንደነበር፣ ባቡር ደግሞ ሁልጊዜ እንደሚዘገይ፣ የእሱም እንደዘገየ ነገረን።

ዘጠነኛው ቀን። የሥራ ፈቃዴ አለቀ፤ ይህ በስልክ አይነገርም ብዬ አልደወልሁምና ልጆቼም ድንኳን ሥር ናቸው። ሻንጣዬን ሳነሳ ጥሩነሽ የእሷን አላነሳችም። አትመጪም ወይ አልኋት። «ወንድምሽ ቢሮ ሲሄድ ማን ያገላብጠዋል?» አለችኝ። «እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው የለ። በዚያ ላይ አንዴ አልቅሼለታለሁ፣ ዘመዴ ነው።» እትዬ ፋጡማ ሌላ ፍራሽ አወጡ።

አዋሽ ስደርስ የባቡር ሰፈር የሣልስቱን ጨርሶ ተነስቷል። አባባ አለ ስላቸው ወይዘሮ ብርቄ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ ያለቀሱት ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ይሁን፤ የዚህኛው ለሚቀጥለው ይያዝልን፣ በጉልበታችን ላይ ሁለት ጊዜ አይቻልም» አሉ። ማርቆስም ድንኳኑ ፈርሶ ጠበቀኝ። የዕድሩ ዳኛ መተዳደሪያ ደንቡን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት፣ የተለቀሰለት ሰው በሕይወት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የሚል አንቀጽ እንዳላገኙ በትሕትና ነገሩኝ። የማኅበሬ ሴቶች ደግሞ በየቀኑ «እስኪ እንዴት ነበር?» ይሉኛል፤ ወደዚያ እንደማይሄዱ ስለማውቅ ይኸው ጻፍሁላቸው።

የቀረው ለእነሱ አይደለም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እዚያ ለነበራችሁት ነው፤ ለአንተ ሙሉጌታ፣ ለእርስዎ እትዬ ፋጡማ፣ ለአንቺም ጥሩነሽ። ይህን ጽሑፍ ለአባባ እንዳታነቡለት። ከጠየቃችሁ የላም ነው በሉት፤ ሦስታችሁም አንድ ቃል ሁኑ። ለንስሐ አባቴ የምናገረው እኔ ነኝ፤ በእጄ ያጠጣሁት እኔ ነኝና ከቀኖናው አትካፈሉኝ። እናንተን የምለምናችሁ ወተቱ እንዳይቋረጥበት ነው። ስታጠጡትም አስቀድማችሁ ከጀርባው ቀና አድርጉት፤ ተጋድሞ ከጠጣ ያንቀዋል። አታጣድፉት።